የጎረቤት ናሙና

«ልጁ እስቲ ይሂድ» አለች ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ሴት።

በለጠች ምሥጋናን ከመሬት ላፍ አድርጋ ነጠላዋ ውስጥ ወሸቀችው። አባቱ በሌለበት ልጄ የትም አይሄድም፣ መኪናችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ አለች። አብሯት የመጣው፣ ያለው የሚባለው ነርስ፣ ለማስረዳት አፉን ይከፍታል፣ የበለጠችን ፊት ሲያይ ይዘጋል።

እኔ የበለጠች ጎረቤት ነኝ። ቤታችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው፤ በመሀላችን ያለው አጥር ዶሮ እንኳን አይከለክልም። የዚያን ዕለት ግቢዋ ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥስላት ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ የመንግሥት ሰው ሲመጣ አማርኛውን ወደ አማርኛ የማስተረጉም እኔ ነኝ።

«በእግሩ ይሂድ ነው የሚሉሽ» አልኳት። «እዚሁ፣ ከበሩ እስከ ቆጡ። አረማመዱን ሊያዩ ነው።»

በለጠች እያመነታች ለቀቀችው። የሦስት ዓመቱ ምሥጋና ሂድ ሲባል ሩጥ የተባለ መስሎት ዶሮዋን አባረረ፣ በርበሬዬን ረገጠ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረና የሴትዮዋን ቦርሳ ይዞ ቆመ። እኛ ሳቅን፤ እሷ አልሳቀችም። ስሟ እፀገነት ነው፤ ሥራዋ በዞኑ ውስጥ የልጆችን በሽታ መከታተል ነው። ምሥጋናን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እግሮቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ ስታደርገው እግሩ እንደ ፌንጣ ተስፈነጠረ።

«ደህና ነው» አለችው ነርሱን፣ ደህና መሆኑ ግራ ያጋባት ይመስል።

ከዚያ የመጡበትን ተናገረች። ከወር በፊት ለክትባት ጥናት ከዚህ ቤት በብልቃጥ በሄደው ሦስተኛው ዓይነ ምድር ውስጥ የልምሻ ቫይረስ ተገኝቷል። ለጥናቱ ከተሰጠው ጠብታ የመጣ አይደለም አለች፤ ያልተከተቡ ልጆችን ሆድ እየተዋሰ ካገር አገር ሲዞር የከረመ፣ በመዞሩም የከፋ ነው። በመርፌ የተከተበ ልጅ ቢይዘው እግሩን አይነካበትም። ያልተከተበ ልጅ ካገኘ ግን፣ አለችና «ግን»ን እዚያው ተወችው።

እጄ በርበሬው ውስጥ ቀረ። በብልቃጥ የሄደው የምሥጋና አልነበረም። የኔ ልጅ የእህተ ማርያም ነበር። እህተ ማርያም ደግሞ ያኔ ከአጥሩ ወዲያ ቤቴ ውስጥ ተኝታለች፤ ግራ እግሯን ማንሳት ካቃታት አሥራ ስምንተኛ ቀኗ ነው።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሳይደርቅ ነው ነርሱ ያለው ወደ ሰፈራችን የመጣው። የአዴት ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ከማንም ቤት የቀረበለትን ሳይቀምስ የማይወጣ። ሰፈሩ ሁሉ በስሙ ምላሱን ይፈታበት ነበር። ያለው ያለውን ሰማችሁ ወይ፣ ያለው ያለው እውነት ነው ወይ እየተባለ አንድ ሳምንት ተሳቀበት። እሱም አብሮ ይስቃል። ከዚያ የመጣበትን ጥናት ከቤት ቤት እየተቀመጠ አስረዳን።

በመርፌ የሚሰጠው የልምሻ ክትባት እግርን ይጠብቃል፤ አንጀትን ግን በደንብ አይዘጋም አለን። ቫይረሱ የተከተበውን ልጅ ሆድ እንደ ቡሬ መናኸሪያ ያደርገዋል፤ ገብቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ወደ ሌላ ልጅ ይሳፈራል። አሁን ከመርፌው ጋር የሚቀላቀል አንድ አጋዥ ነገር ተሠርቷል፤ አንጀትም በሩን መዝጋት እንዲለምድ ይረዳል ተብሎ ይታሰባል። ይርዳ አይርዳ የሚታየው በዚህ ጥናት ነው። ለግማሾቹ ልጆች መርፌው ከነአጋዡ ይሰጣል፣ ለግማሾቹ ብቻውን፤ ማን የቱን እንዳገኘ እሱ ራሱ አያውቅም። ከአራት ሳምንት በኋላ ጠብታ በአፋቸው ይደረግና በየሳምንቱ፣ አራት ጊዜ፣ ዓይነ ምድራቸው ይወሰዳል። ጠብታው ከሆዳቸው በብዛት ከወጣ በሩ ክፍት ነው፤ ካልወጣ ተዘግቷል።

በለጠች አጋዥ የተባለውን ሰው አድርጋው ኖሮ፣ የሚያድረው የት ነው፣ ቀለቡስ በኛ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። የባሏ ወንድም ገብረሰንበት ሳቁን እንደምንም ዋጠና፣ ያለ ወንፈል የሚመጣ አጋዥ ከተገኘማ ለኔም አንድ ላኩልኝ አለ።

ገብረሰንበት ቡሬ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ማሽኑን በእጁ ነው የሚያዞረው፤ ቀኝ እግሩን በሁለት ዓመቱ ልምሻ ወስዶበታል። ሱሪ ሲያሰፋ የሚጨቀጭቀው ሰው ካለ፣ ሁለት እግር እኩል መሆኑን የማውቀው በሰው ላይ ስለማየው ነው፣ ታገሠኝ ይላል። በለጠች ልጇን ጥናቱ ውስጥ እንድታስገባ የጎተጎታትም እሱ ነው። ሰው እንደሚለው፣ ሕመሙ ወደሱ የተሻገረው ከአንድ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ያ ልጅ አንድ ቀን እንኳን ሳያነክስ አድጎ፣ ወልዶ፣ ከብዶ ይኖራል። የምሥጋና እግር ተጠብቋል፣ የሆዱን በር ደግሞ ይዝጉለት፣ ለሰው ልጅ እንዳያሻግር አላት። ባሏ ክንዱም ወንድሙ ያለውን አይሽርም። ልጁ ገባ፤ ቁጥሩ አርባ አንድ ሆነ።

እኔም እህተ ማርያምን ይዤ ቀረብኩ። አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጎረቤት ምጤን ሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ሲያማኝ የወለድኳት ናት። ያለው የክትባት ካርዷን ጠየቀኝ። ካርድ የላትም። የተወለደች መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት በሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ ጤና ኬላው ተቆልፎ፣ ማቀዝቀዣው መብራት አጥቶ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ወደ ዘመዶቿ ሄዳ ነበር። ጤና ኬላው ሲከፈት ደግሞ የተዘጋሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ገበያ ይሆናል፣ አንድ ቀን ልደታ፣ አንድ ቀን በርበሬ ይሰጣል።

ጥናቱ የሚቀበለው ከዚህ በፊት የተከተቡትን ብቻ ነበር። ያለው ግን ለብቻዬ ጠራኝና፣ እትየ አስካለ፣ የጥናቱ ነገር ይቅር፤ ሰኞ ጤና ኬላ ይውሰዷትና ይጀምሩላት፣ እኔም ነግሬ እጠብቅዎታለሁ አለኝ። እሺ ልጄ አልኩት። የሰኞ ክፋቱ በየሳምንቱ መምጣቱ ነው። ዘንድሮ አንዴ ብቻ የሚመጣ ቢሆን አልስተውም ነበር።

አሁን ወደ ብልቃጡ ልምጣ። ምሥጋና ጠብታውን በአፉ ከወሰደ በኋላ ያለው አራት ክዳን ያላቸው ብልቃጦች ለበለጠች ሰጣትና የቀረውን ወረቀት አነበበላት። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ይመረመራል፣ የተረፈው ይቃጠላል። ይስማማሉ አላት። እሺ አለች። በኛ አገር እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ አደርገዋለሁ ማለት ሌላ ነው። ያለው የአዴት ልጅ ሆኖ ይህን መርሳቱ ይገርመኛል። ትምህርት ብዙ ነገር ያስረሳል መሰለኝ።

የሕፃን ዓይነ ምድር በኛ ዘንድ እሳት አያገኘውም። ይቀበራል እንጂ ወደ ምድጃ አይጣልም፤ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ አጠገብ እንኳን አይደፋም። እሳት ከነካው የልጁ አንጀት አብሮ ይንጨረጨራል፣ ሆዱም ይነፋል ይባላል። እኔ አላምንበትም፤ ግን እኔም ብሆን አላቃጥልም።

የመጀመሪያው ናሙና በሚሰጥበት ማለዳ በለጠች ባዶ ብልቃጧን ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። ነገሩን ስትነግረኝ ከልቤ ሳቅሁ። የልጅሽ አንጀት እኮ እዚሁ ነው ያለው፤ አዲስ አበባ ላይ እሳት ቢነድ ቡሬ ላይ ማን ይሞቃል አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። ከምሥጋና በፊት የነበረችው ሴት ልጇ በሰባት ወሯ ሆዷ ተነፍቶ ነው የሞተች። ያኔ የገዛ አማቷ ጨርቋን ከቆሻሻ ጋር አቃጥለሽው ነው ብላታለች። ይህን ሳስታውስ ሳቄ ጠፋ።

ጥናቱን እንዳትተወው ደግሞ ገብረሰንበትን ታፍራለች። ያን ያህል ጎትጉቶ፣ ያን ያህል ተደስቶ። ቆማ ብልቃጧን ታገላብጣለች።

«በይ ወዲህ በይው» አልኳት። «የእህተ ማርያም ሆድ ብረት ነው፤ እሳቱ ራሱ ይፈራታል።»

እንዲህ ሆነ። ለእኔ ዓይነ ምድር ዓይነ ምድር ነው፤ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል ብዬ። አራት ሳምንት፣ አራት ብልቃጥ። ያለው እየመጣ ክዳኑ ላይ አርባ አንድ ብሎ ይጽፋል፣ እናመሰግናለን ይላል፣ በለጠች አንገቷን ትሰብራለች፣ እኔ ከአጥሩ ወዲያ አፌን በነጠላዬ ይዤ እስቃለሁ። እነ እፀገነት ከመምጣታቸው አንድ ሳምንት በፊት ያለው እየፈካ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ብልቃጦች ውስጥ ምንም አልተገኘም፤ ማን አጋዡን እንዳገኘ ባላውቅም የዚህ ልጅ በር ግጥም ብሎ የተዘጋ ይመስላል አለ። ገብረሰንበት ደስ ብሎት ለምሥጋና ሰማያዊ ሱሪ ሰፋለት።

ያን ሳምንት እኔ መሳቅ ትቼ ነበር። አራተኛውን ብልቃጥ በሰጠን በሁለተኛው ቀን እህተ ማርያም አተኮሳት። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት፣ ገላዋንም አሸሁት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። እሰይ ብዬ ከመደቡ አውርጄ ሳቆማት ግራ እግሯ እንደ ረጠበ ጨርቅ ታጠፈ።

ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳት። ወለምታ ነው አለ፤ አሽቶ፣ በሸምበቆ አሰረው። ሲያሻት አላለቀሰችም። ጀግና ናት አለኝ፤ እኔም ኮራሁ። ባሌ አዛናው ከክንዱ ጋር በአንድ መኪና እህል ሲጭን ሽንዲ ነው የሰነበተው፤ በስልክ ብነግረው፣ ወለምታ ምን አላት፣ በልጅነት የማይወልም የት አለ አለኝ። ከዚያ ሰባት ቀን ጠበል ወሰድኳት፣ በጀርባዬ። ለጠየቀኝ ሁሉ ወለምታ እላለሁ። ገብረሰንበት አንድ ቀን ሊጠይቃት መጥቶ ከበሩ ላይ ቆሞ ብዙ አያት። ስንተኛ ቀኗ ነው፣ አተኩሷት ነበር ወይ አለኝ። ቶሎ ብዬ ወለምታ ነው አልኩት። ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጠም፤ እኔም ቅር ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ እነ እፀገነት ምሥጋናን ሂድ ያሉት በዚህ መሀል ነው።

ሰው መኪና ቆሟል ሲል ሰምቶ ገብረሰንበት በምርኩዙ እየተደገፈ መጣ፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ያለው ከበርጩማው ተነሥቶ አስቀመጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረው። የምሥጋና እግር ምንም አይሆንም፣ መርፌው ይዞለታል። በሆዱ ግን ያን ያህል ቫይረስ ከተገኘ፣ ወይ አጋዡን አላገኘም፣ ወይ አግኝቶም አልሠራለትም። በጥናቱ ወረቀት ላይ አርባ አንድ፣ በሩ ክፍት ተብሎ ይጻፋል። ያለው ይህን ሲናገር ለቅሶ የሚያረዳ ነው የሚመስለው። በዚህ ሥራ ሦስት ዓመቱ ነው።

ገብረሰንበት የምሥጋናን ሰማያዊ ሱሪ አየ። «ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ።

እፀገነት ቅጽ አውጥታ በለጠችን መጠየቅ ጀመረች። ልጁ ከማን ጋር ይጫወታል፣ ከየት ውሃ ትቀዳላችሁ፣ በዚህ ወር እንግዳ መጥቶ ነበር ወይ። ከዚያ ብዕሯን አቆመችና ሁላችንንም አየችን። በዚህ ሰፈር ያልተከተበ ልጅ፣ ወይም ሰሞኑን አተኩሶት እግሩ ወይም እጁ የሰነፈ ልጅ አለ ወይ አለች። ካለ ዛሬውኑ ልታየው ትፈልጋለች። እንዲህ ያለ ልጅ ከተገኘ በቀናት ውስጥ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ይከተባል። ካልተገኘ ግን ይህን አንድ ቤት መዝግባ ትመለሳለች፤ የበላይ እስኪወስን መጠበቅ ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል።

በለጠች እኔን አየችኝ። ብትናገሪ አለቅኩ ነው ዓይኗ የሚለው።

«የለም» አለች።

እኔም በርበሬ ቀነጠስኩ። በለጠችን ላድን ብዬ ዝም አልኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ለራሴ ነበር። ካልተናገርኩ ወለምታ ነው። ወለምታ ይሽራል። አፌን ከከፈትኩ ልምሻ ይሆናል፤ ልምሻ ደግሞ ይኸው ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ አርባ ዓመት ሙሉ አልተነሣም። አንድ በርበሬ ቀነጠስኩ፣ ሌላ ጨመርኩ። እፀገነት ቅጿን አጠፈች። ያለው የበረዶ ሳጥኑን ማሰሪያ ይጎትታል።

ያኔ ከአጥሩ ወዲያ የልጆች ድምፅ ሰማሁ። ታማለች ብለው የሰፈሩ ልጆች በየቀኑ እህተ ማርያምን ሊያጫውቱ ይመጣሉ፤ አምስትም ስድስትም ይሆናሉ። ከነሱ ውስጥ እንደኔዋ መንገድ በተዘጋ ጊዜ የተወለዱ አሉ። ቆሎ ሰጥቻቸው ነበር የወጣሁት።

አንዷ «እኔ ላጉርሳት፣ የኔ ተራ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ከሷ የተረፈውን ለኔ» ትላለች።

በርበሬውን አስቀመጥኩ።

«ልጄ ያለው፣ በብልቃጥ የወሰድከው የምሥጋና አይደለም» አልኩ።

ማሰሪያውን ለቀቀ። «የማን ነው ታዲያ?»

«የኔዋ ነው። አራቱም።»

«እንዴት አድርጎ፣ እትየ አስካለ?»

«በአጥሩ ቀዳዳ።»

መቀለዴ አልነበረም፤ አፌ ስለለመደ ነው። ያለው መጀመሪያ ፊቱ በራ። አርባ አንድ ተብሎ የሄደው የምሥጋና ካልሆነ አጋዡ አልወደቀም፤ ቢያንስ በዚህ ልጅ አልወደቀም። ያ ብርሃን ግን ፊቱ ላይ ብዙ አልቆየም። ካርድ የላትም ያልኩት ትዝ ሲለው አየሁት።

«ሰኞ ወስደዋት ነበር?» አለኝ።

የበርበሬውን ፍሬ ከቀሚሴ ላይ አራገፍኩ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

በለጠች እግሩ ሥር ወድቃ ስለ እሳቱ፣ ስለ ሞተችው ልጇ፣ ስለ አማቷ እያምታታች ታወራለች። ያለው ሊያነሣት ጎንበስ ብሎ፣ ብትነግሪኝ እኮ እንዲቀበር እጽፍልሽ ነበር ይላታል፤ አንድ ቃል ነበር የፈለግሁት ይላል። እፀገነት የማንንም ወሬ አልጠበቀችም። መዶሻዋን ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች፤ ከከተማ የመጣ ሰው በዚያ ቀዳዳ ሲገባ ያን ቀን አየሁ።

ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጣን። እህተ ማርያም መደቡ ላይ እግሯን ዘርግታ ቆሎ ይዛለች። እፀገነት የወጌሻውን ሸምበቆ አንድ በአንድ ፈታች። ከሥሩ የወጣው እግር የልጄ አልመሰለኝም፤ ከቀኙ ቀጥኗል፣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ከፍ አድርጋ ስትለቀው ዱብ አለ። ቀኝ ጉልበቷን በመዶሻው መታችው፣ ተስፈነጠረ። ግራውን መታችው። ደግማ መታችው። እህተ ማርያም መዶሻውን እያየች ትስቃለች፤ ጨዋታ መስሏታል። ከዚያ እፀገነት የእግሯን ጣት ቆንጠጥ አደረገች።

«ተይኝ» አለች ልጄ፣ ተቆጥታ።

«ይሰማታል» አለች እፀገነት ያለውን እያጻፈች። «የጠፋው እንቅስቃሴው ነው።»

ያለው ጻፈ። ዛሬ አንድ፣ ነገ ደግሞ አንድ ናሙና እንደሚወስዱ ነገረኝ፤ በዚህኛው ክዳን ላይ ቁጥር ሳይሆን ስሟን ጻፈ፣ እህተ ማርያም አዛናው። ፊደሉ ያምራል። በለጠች ከደጅ ቆማ፣ ሳትገባ፣ ብልቃጡን እኔ እይዘዋለሁ ትላለች። ማንም አልሰማትም።

ገብረሰንበት የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል። ልጅቷን አላየም፤ እኔን ነው የሚያየው።

«ያን ቀን አውቄ ነበር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወለምታ ነው ስትይኝ፣ ወለምታ ይሁንላት ብዬ ዝም አልኩ።»

ልቆጣው ፈለግሁ፤ በምን አፌ። ያን ያህል ቀን እኔም ዝም ብያለሁ፣ በዚያ ላይ እየሳቅሁ።

እፀገነትን ይሻላታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አልዋሸችኝም። የሚመለስ ከሆነ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው የሚመለሰው፤ ምን ያህል እንደሚመለስ ማንም አያውቅም፣ ከነጭራሹ ላይመለስም ይችላል አለች። ወጌሻ እንዳይነካት፣ እንዳትታሰር፣ ነገ በመኪናቸው ወደ ፍኖተ ሰላም ወስደዋት እግሯን የማንቀሳቀሻውን ዘዴ እንደሚያሳዩኝ፣ ከስልሳ ቀን በኋላም ራሷ መጥታ እንደምታያት ነገረችኝ። ስልሳ ቀን። ጥምቀትን አልፎ ነው የሚውለው። አዛናው ማታ ሲደውል ምን እንደምለው አሰብኩ፤ ያው ወለምታ ምን አላት ያለኝ ሰውዬ ነው።

ያለው ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ። እፀገነት ግን አልወጣችም፤ እኔን እንዲሁ ትታ መሄድ ከብዷታል። ጥሩ ሴት ናት፤ የከተማ ሰው ሲያዝን ቃል ይረዝምበታል እንጂ። አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

«እትየ አስካለ፣ ዛሬ እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ ቫይረሱ የት ቤት እንዳለ ሳናውቅ እንመለስ ነበር። አሁን በዚች ልጅ ምክንያት ከዚህ እስከ ደምበጫ ያለ ሕፃን ሁሉ ይከተባል። ልጅዎ ለወረዳው ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጋለች።»

ገብረሰንበት ከበሩ ሳይነቃነቅ ምርኩዙን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ።

«እንግዲያስ ለወረዳው ይንገሩልን» አላት። «እሷ አንድ እግር አዋጥታለች። ቀሪውን ሌላው ያዋጣ።»